ከድልድዩ ወዲያ ያለው ባሕር

«አለፍሽው?» አላት ወንድሟ።

ልጅቷ ጆይስቲኩን እንደያዘች ስክሪኑን አየች። ፋኖስ የያዘችው ሴትዮ ከተሰበረው ድልድይ ላይ ወደ ገደሉ እየተምዘገዘገች ነው። አሁን ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ከዚያ ሴትዮዋ ምንም እንዳልደረሰባት ድልድዩ አፋፍ ላይ ቆማ፣ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ፣ እንደገና ትጠብቃታለች። ከምሳ ጀምሮ ይኸው ነው። መዝለል፣ መውደቅ፣ መጥቆር። ጣቶቿ ዝለዋል።

«አለፍኩት» አለች።

«አትዪኝም።» ወንድሟ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ድምፁ ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቀመጠው። «እሺ፣ ወዲያ ማዶ ምን አለ? ሁሉንም ንገሪኝ። ምንም እንዳትዘዪ።»

ውሸት አንዴ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ይቀልላል። ለምን እንደዚያ እንዳለች እሷም አታውቅም፤ ብቻ ቃሉ ከአፏ ወጣ።

«ባሕር ነው» አለች።

«ባሕር? ማዕበሉ የታለ? ምንም አልሰማሁም'ኮ።»

«የረጋ ባሕር ነው። ልክ እንደ መስታወት። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።»

ወንድሟ ፈገግ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ልጅቷ ያንን ፈገግታ ስታይ መመለሻው መንገድ ጠፋባት።

ጓደኞቹ «ተንታኙ» ነው የሚሉት። በየሳምንቱ መጨረሻ የሰፈሩና የክፍሉ ልጆች ባሉበት ግሩፕ ውስጥ ሰሞኑን ስለተጫወተው ጌም ያለውን አስተያየት በድምፅ ቀድቶ ይልካል። አንዱን የመኪና ውድድር «መኪናው ሲታጠፍ ሳሙና ላይ እንደቆመ ሰው ነው» ብሎ አጣጥሎት፣ ልጆቹ ለአንድ ወር ያህል ያንን ሲደጋግሙ ከርመዋል። ስለ እግር ኳሱ ጌም ደግሞ «ኳሱ አሪፍ ነው፤ ዳኛው ግን ከኔ ጋር የግል ጠብ አለው» ብሏል። ጌሙን ያልተጫወተ ሰው እንኳ እሱን ለመስማት ይጠብቅ ነበር።

ዓመቱ ሲጀምር መጀመሪያ ሰሌዳው ደበዘዘበት። ከዚያ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ ከዚያ የሰው ፊት። አሁን የሚለየው መስኮቱ ያለበትን ብቻ ነው፣ እሱንም ፀሐይ ካለ። ለጓደኞቹ ግን አልነገራቸውም። አጎቱ ጋ ሄዶ፣ ሌላ ከተማ እየተማረ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። «ዐይኔ ሲመለስ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ እንስቅበታለን» ይላል። እስከዚያው እህቱ ትጫወታለች፣ የምታየውን ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ ያንን ተቀብሎ ራሱ እንደተጫወተው አድርጎ ይተነትናል። ማንም አልነቃም።

ዐይኑ እንደማይመለስ ግን ልጅቷ ታውቃለች። ሐኪሟ ለእናቷ ሲነግሯት አብራ ነበረች፤ እሱ ውጭ፣ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነበር። ከዐይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ሞቷል፣ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይድንም፤ ካሁን በኋላ የሚያስፈልገው ሳያዩ መኖርን መማር ነው፣ ለዚህም የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ ብለው አስረዷቸው። እናቷ መተላለፊያው ላይ ክንዷን ጨምቃ ያዘቻት። «እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ አፍሽን ያዢ።» ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ነገር ነው የነገረችው። «መድኃኒቱን በደንብ ከወሰድክ ለመጪው ዓመት ትምህርትህን ትጀምራለህ አሉ፣ የኔ ጌታ።» ከዚያ ቀን ወዲህ እናት ልጇን በቃሏ፣ ልጅቷ ደግሞ በዝምታዋ ይዋሹታል።

ባሕሩ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየሰፋ ሄደ። ሽማግሌው ጥርስ የሌለው፣ ሴትዮዋን «ፋኖስሽን አጥፊው፣ እዚህ አያስፈልግሽም» የሚል ሰው ሆነ። ወንድሟ እየሰማ ይጠይቃታል፤ የመረቡን ቀለም፣ የሽማግሌውን ኮፍያ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትገባ። እሷም አንዴም ሳትደናቀፍ ትመልሳለች። ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ አሁንም ድልድዩ አፋፍ ላይ ቆማለች።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን አንሥቶ አስተያየቱን ቀዳ።

«ሰዎች፣ ተንታኙ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ጌም እስከ ድልድዩ ድረስ ተራ ነው። ትዘላለህ ትወድቃለህ፣ ትዘላለህ ትወድቃለህ፤ የሠራው ሰው ከሰው ጋር የተጣላ ነው የሚመስለው። ድልድዩን ስታልፉ ግን ባሕር አለ። እንደ መስታወት የረጋ። አንድ ሽማግሌም አለ፤ ነጥብ አይሰጣችሁም፣ መሣሪያ አይሰጣችሁም፣ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ትቀመጣላችሁ። እኔ ዘንድሮ ከተጫወትኩት ሁሉ ይሄኛውን አስበልጣለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። «ቆይ፣ አትላከው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ላከው።

መልሱ የመጣው በማግስቱ፣ እናታቸው ዳቦ ቤት ሥራ ላይ ሳለች ነው። እዚያ አብራት የምትሠራው ጎረቤቷ ሊጥ ስታቦካ፣ እሷ ምድጃው ላይ ስትቆም፣ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ወንድሟ ስልኩን ሰጣትና «ቀጮ ድምፅ ልኳል መሰለኝ፣ ክፈቺው» አላት። ቀጮ አብሮ አደጉ ነው።

«አንተ ተንታኝ፣ ምን ነክቶህ ነው?» አለ የቀጮ ድምፅ። «ጌሙን ሐሙስ ጨርሼዋለሁ'ኮ። ከድልድዩ በኋላ ፋብሪካ ነው። ጭስና ጥይት ብቻ። ባሕር የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌም የለም። ከየት አመጣኸው?»

ከሱ ሥር ሌሎቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ልጅቷ ልትዘጋው ስትል ወንድሟ «ሁሉንም» አላት። አንዱ እየሳቀ «አጎቱ አገር ባሕር አለ መሰለኝ» አለ። ሌላው «ሳይጫወት ነው'ንዴ የሚተነትነው? ሼም ነው ባክህ» አለ። የመጨረሻው፣ ድምፁ የማይታወቅ ልጅ፣ ረጋ ብሎ «ታዲያ እስከዛሬ የነገረንም እንደዚሁ ፈጠራ ነበር ማለት ነዋ» አለ።

ወንድሟ መጀመሪያ ሳቀ። «ቀጮ የሆነ ሌላ ጌም ነው የጨረሰው። አይደል?»

ልጅቷ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ጢንዚዛ» አላት። ሕፃን ሳለች ስታለቅስ ድምፅዋ ጥዝ ይል ስለነበር የወጣላት ስም ነው። «ባሕሩ አለ ወይስ የለም?»

«የለም።»

«ሽማግሌውስ?»

«የለም።»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩ አለ። አቅቶኝ ነው። ማለፍ አቃተኝ፣ አንተ ደግሞ ስትጠብቅ… »

አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። እጁን አንሥቶ ግድግዳውን ዳሰሰ፤ ግድግዳውም መኖሩን የተጠራጠረ ይመስል።

«እኔ'ኮ አይቼው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ይገባሻል? ባሕሩን አይቼው ነበር።»

ከዚያ ተጋደመና ፊቱን አዞረ።

ከግሩፑ ወጣ። ጌሙን ከክፍሉ እንድታወጣለት ነገራት፤ እሷም ገመዱን ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ምሳውን ቀማምሶ ይመልሰዋል፣ ሬዲዮ ሲከፍቱለት «ዝጉት» ይላል፣ ፀጉሩን ማስቆረጥ ቀርቶ ሸሚዝ መቀየርም ተወ። ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀችው፤ «እሺ» አላት። ደግማ ጠየቀችው፤ «እሺ አልኩሽ'ኮ» አለ። «እሺ» ማለቱ ከስድብ የባሰ ሆነባት። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስረዱ እሷ የአልጋውን ጠርዝና የዞረውን ጀርባ ነው የምታየው። አንድ ጊዜ ከጓደኛዋ ጋር ስትስቅ ራሷን ያዘችና ሳቋን አቋረጠች።

እናታቸው ነገሩን አልደረሰችበትም። «መድኃኒቱ ይሆናል የሚያደክምህ፤ እንግዲህ ታገሥ» ትለዋለች። እሱም ይታገሣል። ሁሉንም ሲተው አንድ ያልተወው ነገር መድኃኒቱን ነው። ጠርሙሱን በዳበሳ ያነሣል፣ አንዲት ፍሬ መዳፉ ላይ ያራግፋል፣ እንዳትወድቅበት በሌላው እጁ ከልሎ አፉ ውስጥ ይጨምራታል። ልጅቷ ብዙ ነገር መቻል ትችል ነበር፤ ይሄንን ማየት ግን አቃታት። መድኃኒት ሲደርስ ሰበብ ፈልጋ ከክፍሉ ትወጣ ጀመር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተነሥቶ ተቀምጦ አገኘችው።

«በሩን ዝጊና ነይ» አላት።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ስለ ባሕሩ ስታወሪልኝ ድምፅሽ ይቀጥን ነበር» አለ። «ሰምቼዋለሁ። አውቄ ነው መሰለኝ ዝም ያልኩሽ። እንዲኖር ፈልጌ። እማዬም ስለ ዐይኔ ስታወራ እንደዚያው ነው የምትሆነው። ድምፅዋ ይቀጥናል።»

ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘች።

«አንቺ ከእማዬ ጋር ገብተሻል። ሐኪሟ ምን አሉ?»

«እማዬን ለምን አትጠይቃትም?»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

ውጭ አንድ ሕፃን ኳስ ከአጥር ጋር ያላትማል። የእናቷ ጣቶች ክንዷ ላይ ዛሬም ያሉ መሰላት። «ይመለሳል» ብትል ያምናት ይሆናል፤ ለዛሬ ያምናታል፣ ምናልባት እራቱንም ይበላል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ያ ደረቅ «እሺ» ትዝ አላት።

«አይመለስም አሉ» አለች። «ነርቩ ሞቷል አሉ።»

ኳሱ ቆመ። እንደገና ጀመረ።

«መቼ ነው ያሉት?»

«ያኔውኑ። አንተ ወንበሩ ላይ ስትጠብቀን።»

«መድኃኒቱስ?»

«ቫይታሚን ነው።»

«ቫይታሚን» አለ። ሳቅ መሰለ፤ ሳቅ አልነበረም። አፉን በክርኑ አፍኖ አለቀሰ። ወንድሟ ሲያለቅስ ከልጅነቱ ወዲህ አይታው አታውቅም። እጇን ልትዘረጋ ፈራች።

«ሂጂ» አላት።

ተነሣች።

«አትሂጂ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ሁሉም ነገር ይስተካከላል አላለችውም፤ ይስተካከል አይስተካከል አታውቅም። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ፍራሹ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ እሷም አብራ። የመስኮቱ ብርሃን ከወለሉ ላይ ወደ ግድግዳው ወጣ። እሱ ይሄንን አላየም፤ ዛሬም ነገም እንደማያየው አሁን ሁለቱም ያውቃሉ።

የውጭው በር ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። ወንድሟ ቀና ብሎ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠራረገ።

«ማወቄን እንዳትነግሪያት» አለ ፈጠን ብሎ። «እሷም ትንሽ ተስፋ ይኑራት። ምን ይጎዳል? እኔ እወስዳለሁ ቫይታሚኑን።»

እጁ ጠረጴዛው ላይ ዳብሶ ጠርሙሱን አገኘ። አንዲት ፍሬ መዳፉ ላይ አራገፈና ይዟት ተቀመጠ። ልጅቷ ያንን መዳፍ አየች። በሚመጣው ዓመት፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ እናቷ እሱን ስታጽናና፣ እሱ እናቱን ሲያጽናና፣ ራሷ ደግሞ በሁለቱ መካከል አፏን ይዛ ስትኖር ታያት።

እናታቸው ገባች። ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ፤ ከቀኑ ሙቀት ፊቷ ቀልቷል፤ በሁለት እጇ የያዘችው ከረጢት ትኩስ ዳቦ ይሸታል።

«መድኃኒትህን ወሰድክ፣ የኔ ጌታ?»

«ይኸው፣ ልወስድ ነው እማዬ» አለ።

ልጅቷ ከእጁ ላይ ፍሬዋን አነሣቻት። ጣቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፣ ከዚያ ለቀቁ።

«እማዬ» አለች፣ «ዳቦውን አስቀምጪና ነይ። እዚህ ቁጭ በይ።»

እናቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጇን፣ የቀላውን ዐይኑን አየች። ከረጢቱን እንደያዘች ቀረች። ልጅቷ አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና ጠበቀቻት።