አንድ ቅጠል የጎደላት አበባ

ይህ ለማስፈራራት የተፈጠረ ተረት አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

የደረሰባት ሴት ዛሬም በሕይወት አለች። ሰው ስትጨብጥ እጇን ቶሎ ትሰበስባለች። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ዘመኑ ክልሉ አዲስ የተቋቋመበት ሰሞን ነው። ቦታው አሶሳ። ሰዓቱ ደግሞ... ቀን ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሌሊት ቢሆንማ ሕልም ነው ብላ በተጽናናች ነበር። የድሮ ሰዎች ከቀትር ጋኔን ይሰውራችሁ ሲሉን እንስቅባቸው ነበር። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ አልስቅም።

ትሩፋት ትባላለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ታይፒስት ናት። ያኔ አሶሳ ላይ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ሠራተኛውም ካገር ካገሩ የተለቃቀመ እንግዳ ነበር። ወንበር ከሰው ስለሚያንስ አርፍዶ የገባ ቆሞ ይውላል።

የተከራየችው እማማ ዘሃራ ግቢ ነው። እማማ ዘሃራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆኑ እናት ናቸው። ሀምዲያ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። የትሩፋትን ክፍል ከሀምዲያ ክፍል የሚለየው ጭቃ የተመረገ የቀርቀሃ ግድግዳ ብቻ ነው። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ይማርሽ የምትልበት ቤት ነው።

እናትና ልጅ ባይተዋሯን ወደዷት። በረመዳን ማፍጠሪያ ያካፍሏታል፤ ሲያተኩሳት ራስጌዋ ተቀምጠው ይውላሉ። ልጃችን ነበር የሚሏት።

ትሩፋት ግን አንድ ምሥጢር ነበራት።

ሽበት።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ፊቷን ዙሪያውን ወሮታል። ስለዚህ ከጠረፉ ከተማ ከኩርሙክ በኩል ነጋዴ የሚያስገባውን ጥቁር ዱቄት በውሃ እየበጠበጠች፣ በሯን ዘግታ ፀጉሯን ትቀባለች። ለዓመታት ተቀብታዋለች። አንድም ቀን ምንም ሆና አታውቅም።

ሀምዲያ ከአሶሳ ወጣ ብላ ካለችው ከሆሞሻ ልጅ ለጁምዓ ታጨች። የሂናው ቀን ሴቱ ሁሉ ግቢውን ሞላው። አክስቷ የሙሽራዋን እጅ እየቀባች ሳለ ትሩፋትንም አልረሳቻትም፤ መዳፏ ላይ አንዲት ነጥብ ጣል አደረገችላት።

ሂናው ሲታጠብ ግን ቅጠሉ የቆየ ኖሮ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ፈዞ ቀረ።

በዚያ አገር ሂናዋ የጠቆረላት ሙሽራ ባሏ ቤት ትወደዳለች ይባላል። የሀምዲያ ዓይን እንባ አቀረረ። አክስቷ ሶላት ሰግጄ ልምጣና እደግምልሻለሁ ብላ ወጣች።

ትሩፋት ያን እንባ ማየት አልቻለችም። ወደ ክፍሏ ገባች... ከጥቁሩ ዱቄት ቆንጠር አድርጋ አመጣች... ሂናው ውስጥ ጨመረች። ማንም አላያትም።

ክፋት አልነበረባትም። ልጅቷን ወዳ ነው። ብትናገር ደግሞ ዱቄቱን ከየት አመጣሽው ትባላለች፣ ሽበቷም ይወጣል።

ሁለተኛው ቅብ እንደ ከሰል ጠቆረ። ሴቶቹ እልል አሉ። አክስቲቱ የሙሽራዋ ቀኝ መዳፍ ላይ አበባ ስትስል ሰው ገፋትና አንዷ ቅጠል ሳትሳል ቀረች። ባሏ ይሙላላት ብለው ተሳሳቁ።

የጁምዓ ሰዎች ሙሽራ ሊወስዱ ሲመጡ ግን የሀምዲያ እጅ እጅ አይመስልም ነበር።

አብጧል። ውሃ ቋጥሯል። የሂናው መስመር ሁሉ እንደ ተለበለበ ተነስቷል። ልጅቷ እጇን በነጠላ ጠቅልላ ታለቅሳለች።

የጁምዓ አጎት ሼክ ዐብዱልቃድር ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ዙሪያውን አዩና፣

«ከሂናው ይሆን?» አሉ።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ትሩፋት ያኔ መናገር ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምላሷ በራሱ መንገድ ሄደ። ነጥቧ የታተመችበትን ንጹሕ መዳፏን ዘረጋች።

«እኔም ከዚሁ ሂና ተቀብቻለሁ። ምንም አላደረገኝም።»

ቃሉ እውነት ነው። ነገሩ ግን ውሸት ነው። እሷ የተቀባችው ዱቄቱ ሳይገባበት ነዋ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። እንግዲያው በሽታው ከልጅቷ ነው፣ ነገሩ እስኪጣራ ሠርጉ ይቆይ ብለው ተነሡ። በሳምንቱ ገበያው ሁሉ ሀምዲያን ቁምጥና ይዟታል ይል ጀመር።

ትሩፋት ምግብ አልበላ አላት። እማማ ዘሃራ ግን አሁንም ልጄ እያሉ ያጎርሷታል... ያ ነበር የባሰባት።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ለምሳ ወጥቶ ብቻዋን ስትተይብ...

የእርጥብ ሂና ሽታ ሸተታት።

ቀና ብላ አየች። ማንም የለም። ከውጭ የማንጎው ዛፍ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ከዚያ መዳፏን አሳከካት። አከከችው። ባከከችው ቁጥር ባሰባት።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና። በሦስተኛው ቀን ቆዳዋ ቀላ ብሎ ተነሣ። መስመር ሠራ። መስመሩ ዞረ...

ወደ ጤና ረዳቱ ወደ በቃሉ ሄደች። በቃሉ እንደ እሷ ከሌላ አገር የተመደበ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። አለርጂ ነው አላት። ሰው በልጅነቱ ሳያውቀው ካደገም በኋላ ሊጀምረው ይችላል፤ ሰውነት ለዓመታት የታገሠውን ነገር አንድ ቀን እምቢ ይላል፤ እምቢ ካለ ደግሞ በተነካ ቁጥር እየባሰበት ይሄዳል። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ አትከኪው፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢው ብሎ ቅባት ሰጣት።

«ዋናው መድኃኒት ግን ቅባቱ አይደለም» አለ። «ምን እንደነካሽ ማወቅ ነው። አውቆ መራቅ። ምን ነክተሻል?»

«ሳሙና ይሆናል...»

መዳፏን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሲያይ ቀልዱ ጠፋ።

«ይህችን አበባ...» አለ ቀስ ብሎ። «የት ነው ያየኋት?»

ትሩፋት እጇን ጨበጠች። ምን ዓይነት አበባ እንደሆነች እሷም አይታለች። አንድ ቅጠል ይጎድላታል።

የእሷ መዳፍ ላይ የነበረው እኮ ነጥብ ነው። አበባ ማንም አልሳለባትም።

ሳሙናውን ተወች። ዱቄቱን ግን አልተወችም። ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ስለነበር ሽበቷን እንዳያዩባት ፀጉሯን እንደገና ተቀባች። ሲነጋ ፊቷ ተነፍቶ ዓይኖቿ ጠፍተው ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የትሩፋትን ሊያወጣ የተነሣው እከክ ነው።

በዚያ ቀን ሥራ አልገባችም። አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ሰማች።

ፋቅ... ፋቅ... ፋቅ...

ሀምዲያ እጇን እያከከች ነው። ትሩፋትም ሳታውቀው አብራ ማከክ ጀመረች። እኩል። ፋቅ... ፋቅ...

እሷ ስታቆም የወዲያኛው ድምፅ አላቆመም።

«ሀምዲያ...» ብላ በሹክሹክታ ጠራቻት። «ይቅር በይኝ።»

ድምፁ ቀጥ አለ። ከዚያ ከግድግዳው ማዶ፣ ልክ ከራስጌዋ ትይዩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...

ፋቅ።

ማታ እማማ ዘሃራ ሾርባ ይዘውላት መጡ። ሀምዲያ ዛሬ እጇ እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ አማርኛ ሲናገሩ አንቺና አንተ ይቀላቀልባቸዋል።

«ሀምዲያ እዚህ የለም» አሉ። «ሰው አፍሮ አክስቱ ጋ ሄደ። ሳምንት ሆነ። ክፍሉ ቁልፍ ነው።»

ትሩፋት ልጅቷን ላለማየት ስትሸሽ ስለከረመች መሄዷን እንኳ አላወቀችም ነበር።

በማግስቱ በቃሉ መርፌ ሊወጋት መጣ። ወንበሩን አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አስታወስኩ። የሀምዲያ እጅ ላይ ነው ያየኋት። ያቺ ልጅ ቁምጥና የለባትም። እሷንም የነካት ነገር አለ። ምን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ሆሞሻ ድረስ ሄጄ እነግራቸው ነበር። ለጁምዓ እስካሁን ሌላ አላጩለትም ይባላል።» መርፌውን እያዘጋጀ ቀጠለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ትሩፋት።»

ነገረችው። ሽበቱንም፣ ዱቄቱንም፣ የዘረጋችውንም መዳፍ።

አልተቆጣም። ዱቄቱን ዛሬውኑ ጣዪው፣ ዕድሜ ልክሽን እንዳትነኪው፣ ከዚያ ሄደሽ ተናገሪ፣ እኔም እመሰክራለሁ አላት።

ዱቄቱን ሽንት ቤት ጣለችው። ወደ ሆሞሻ ግን አልሄደችም። ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ሞጭሙጮ እንዴት ሰው ፊት ትቁም?

«ፊቴ ይሻርልኝና» አለች።

ፊቷ እስኪሽር ሳምንት አለፈ።

ሲሻላት እማማ ዘሃራ እግር ላይ ወደቀች። አሮጊቷ እጃቸውን ራሷ ላይ እንደጫኑ የነገረቻቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ቁጣ ብትጠብቅም ቁጣ አልመጣም። እጃቸውን ከራሷ ላይ አነሡ፤ ያ ብቻ።

«ለእኔ መናገር ምን ያደርጋል?» አሉ። «ለእነሱ ነው። ተነሣ፣ እንሄዳለን።»

በቃሉ ለሥራ ገጠር ወጥቶ ነበርና ሳይጠብቁት በጭነት መኪና ሆሞሻ ደረሱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። መንገዱን ሙሉ የትሩፋት መዳፍ ያቃጥላት ነበር፤ አበባዋ እጇን የጠቀለለችበትን ጨርቅ አልፋ ልትወጣ የምትፈልግ ይመስል ትነዝራታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ደስ አላት። ማስረጃዬ ነው ብላ አሰበች።

የሼክ ዐብዱልቃድር ደጅ ላይ ዳስ ነበር። ቅጠሉ ገና አልደረቀም።

እማማ ዘሃራ ዳሱን አይተው ቆሙ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አላሉ።

ሽማግሌው በአክብሮት አስቀመጧቸው። ትሩፋት ሳትቀመጥ ሁሉንም ተናገረች። ያመመችው ልጅ ሳትሆን የበደልኳት እኔ ነኝ አለች። ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ግን ምንም አላስቀረችም።

ሼኩ ጢማቸውን እያሻሹ አደመጡ።

«ዓርብ ዕለት ለጁምዓ ከሌላ ልጅ ጋር ኒካህ አሰርንለት» አሉ በመጨረሻ። «ወላሂ፣ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ...»

ቀደም ብላ። ፊቷ አብጦ በነበረበት በዚያ ሳምንት ውስጥ።

«እሺ፣ ሠርጉስ አለፈ» አለች እያለቀሰች። «ስሟን ግን መልሱላት። እዩ፣ እኔንም ይኸው...»

ጨርቁን ፈትታ መዳፏን ዘረጋች።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ብለው እሷን አዩ።

«ምኑን ነው የማየው?»

ትሩፋት ወደ እጇ ተመለከተች።

ምንም የለም። ቅላት የለም፣ ጠባሳ የለም። መዳፏ ያን ቀን እንደዘረጋችው ንጹሕ ነው።

«ያን ቀንም ንጹሕ እጅ ነበር ያሳየሽን» አሉ ሼኩ ቀስ ብለው።

በዚህ መሃል የጁምዓ አዲስ ሙሽራ ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ገና ልጅ ናት። ዓይን አፋር ናት። ጎንበስ ብላ ውሃውን ስታፈስላቸው...

የእርጥብ ሂና ሽታ መጣ።

ትሩፋት የልጅቷን እጅ አየች። እንደ ከሰል የጠቆረች አበባ። አንድ ቅጠል ይጎድላታል።

«ማን ነው የቀባሽ?» አለች በሹክሹክታ።

ልጅቷ ግራ ገባት።

«እኔ ሂና አልተቀባሁም» አለች። «የሀምዲያን ሰምቼ... ፈርቼ ተውኩት።»

እማማ ዘሃራ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ልጅቷ የውሃውን ዕቃ መሬት አስቀመጠች። ማንንም ሳታይ መዳፏን ማከክ ጀመረች።

ፋቅ... ፋቅ... ፋቅ...