ከሰባት በታች አይከፍትም

«ይህ ፕሮግራም ከዊንዶውስ 7 በታች አይሠራም። የእርስዎ፦ ዊንዶውስ 1።»

ጽሑፉ ለአምስተኛ ጊዜ ሲመጣ እትዬ ሥርጉት እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። ሃያ ዓመት ሪከርድ ክፍል ሲሠሩ የአንድ ልጅ ውጤት እንኳ ጠፍቶባቸው አያውቅም። አሁን የትምህርት ቤቱ ሮስተር በሙሉ እዚያ ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል።

ዳይሬክተሩ ቲቸር ወልደየሱስ ከኋላቸው ቆመዋል። «ክፍለ ከተማው ነገ ይፈልገዋል! ምን ነካክተውበት ነው?»

ከሊል ቀደመ። «ቫይረስ ነው ቲቸር። እትዬ ሥርጉት ፍላሽ ሲሰኩ አይቻለሁ።»

ሮዳስ ክው አለች። እሷና ከሊል የአይሲቲ ክበብ አባላት ስለሆኑ ነው እንዲጠግኑ የተጠሩት። ያበላሹትም እነሱ ናቸው። ከወር በፊት እትዬ ሥርጉት «አቧራውን ጥረጉልኝ» ብለው የቢሮውን ቁልፍ ሲሰጧቸው፣ ማን ያዘዛቸው እንደሆነ እንጃ፣ ኮምፒውተሩን ከዊንዶውስ 7 ወደ 10 አሳደጉት። ሮስተሩ የሚከፈተው በሴሚስተር አንዴ ስለሆነ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም።

አስር ከሰባት ይበልጣል፤ ይህን አንደኛ ክፍልም ያውቀዋል። ፕሮግራሙን የሠሩት መምህር ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዊንዶውስ ሁለት አሃዝ ይደርሳል ብለው አላሰቡም። ፕሮግራሙ የሚያነበው የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ ነው። ከአስር ላይ የታየው አንድ ነው፤ አንድ ደግሞ ከሰባት ያንሳል።

«ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል?» አሉ ዳይሬክተሩ።

እትዬ ሥርጉት ሮዳስን አየት አደረጓት። «ቁልፉ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አሉ።

«እንግዲያው ዕቃዎን ይሰብስቡ። የእግድ ደብዳቤዎ ከሰዓት ይደርስዎታል።»

ኮሪደሩ ላይ ሮዳስ ማልቀስ አማራት። «አውቀዋል እኮ። እያወቁ ነው የሸፈኑን።»

«በናትሽ ሮዲ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ ከሊል። «ለማትሪክ ሦስት ወር ነው የቀረን። ከተባረርኩ ፋዘር በነጋታው ሱቅ ነው የሚያቆመኝ።»

«ወደ ሰባት መመለስ ይቻላል። ለመመለስ ሠላሳ ቀን ይሰጣል።»

«አሪፍ ነዋ! ስንት ቀን ሆነው?»

«ዛሬ ሠላሳኛው ነው።»

ከሊል ፊቱ ተለወጠ። «ቢሮውን ሊቆልፉት ነው። እንመልሰው ካልን ደግሞ ማን እንዳሳደገው ይጠይቁናል።»

ሮዳስ እናቷን አሰበች። እናቷ ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ የምትገባው እሷ እንድትማር ነው። ብትባረር ምን ብላ ትነግራታለች? ፈራች።

እትዬ ሥርጉት ሹራባቸውንና ፔርሙዛቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ደወል ተደውሏል፤ ክፍላችሁ ግቡ እንጂ» አሏቸው፣ እንደ ወትሯቸው። ዳይሬክተሩ ከኋላቸው ወጥተው በሩን ቆለፉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ሮዳስ ዳይሬክተሩን ተከተለቻቸው። ከሊል የዩኒፎርሟን እጅጌ ያዘ።

«ሮዲ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ፌስታሉን ተቀበላቸው። እንዳይሄዱ» አለችውና የዳይሬክተሩን በር አንኳኳች።