ያልተነሳው ሰርቨር የያዘው አድራሻ

ባለፈው ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሚሴ በሚገኘው ቢሯችን ያልተነሳ ሰርቨር የመረብ አድራሻ ጠየቀ፣ ተሰጠውም። ዕድሜዬን በዜና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ ጂን አየሁ የሚለኝን ሁሉ "ሌላ ምስክር አለህ?" እያልኩ የምሸኝ፣ እመኑኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አምኜ አላውቅም።

የዜና ድረ ገጻችን የሚሠራው ክላውድ ላይ በተከራየናቸው የሊኑክስ ሰርቨሮች ነው፣ አዲስ ሰርቨር ስንፈልግ ብሎኬት ከቅርጹ እንደሚወጣ ሁሉም ነገር ከተጫነበት፣ ምስል ከምንለው ዝግጁ ቅጂ እናወጣለን። ምስሉ ውስጥ ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ሰርቨሩ እንደተነሳ መረቡ ላይ "አድራሻ ስጡኝ" እያለች የምትጣራ፣ መልስ ካላገኘች ሰርቨሩ ከማንም ጋር አይገናኝም። ምስሉን የሠራሁት፣ ፕሮግራሟንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ከሪፖርተርነቴ ጎን የሰርቨር ኃላፊ ያሰኘኝም ይኸው ነበር።

ጀማል ከተቀጠረ ወዲህ ግን አለቃችን እትዬ ዘይነባ ስለ ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር "ጀማልን ጠይቁት" ማለት ጀመሩ። እሱ ደግሞ የእርስዎን ፕሮግራም ሰሪዎቿ ማደስ ትተዋታል፣ በሌላ አዲስ እንተካት አለ። እውነቱን ነው፣ ያንገበገበኝም እውነት መሆኑ ነው። "ሁለቱንም ሞክሩ" አሉ እትዬ ዘይነባ፣ "የተሻለው ምስሉንም ኃላፊነቱንም ይውሰድ።"

ሐሙስ ቢሮ ውስጥ ባሉን ማሽኖች ሞከርን። የእሱ ሰርቨር ወዲያው አድራሻ አገኘ፣ የእኔው እየተጣራ ቀረ።

"ኦቦ ሁሴን፣ ሰርቨርዎ ሰንበቴ ገበያ ግመል የጠፋበት ነጋዴ መሰለ እኮ" አለኝ ጀማል።

"ያንተም ሳይጠሩት ማዕድ የሚቀርብ ነው።"

እትዬ ዘይነባ የሳቁት በእሱ ቀልድ ነው።

ጀማል ሰርቨሮቹንም አድራሻ የሚያድለውንም ማሽን አጥፍቶ ለዐስር ሶላት ወጣ፣ እትዬ ዘይነባም ሄዱ። ቢሮ ጠባቂ እኔ ቀረሁ፣ መረቡን የምንከታተልበት ላፕቶፕ ብቻ በርቷል። ብዙም ሳይቆይ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ኦቦ ሁሴን" አለ የጀማል ድምፅ።

በእኛ አገር የማያዩት ሰው ሲጣራ በመጀመሪያው ጥሪ አይመልሱም፣ ጂን ሦስቴ አይጣራም ስለሚባል ሦስተኛውን ይጠብቃሉ፣ እኔም ባላምንበት እንኳ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። ያን ዕለት ግን ንዴቱ ምላሴ ላይ ነበር፣ ሁለተኛውንም ሳልጠብቅ "ግባ፣ ቦታው እንደሆነ ያንተ ነው" አልኩ።

ማንም አልገባም። በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። ዞር ስል ላፕቶፑ ላይ ሁለት አዲስ መስመር ተጽፏል፣ አንድ አድራሻ ተጠየቀ፣ አንድ አድራሻ ተሰጠ፣ የጠያቂው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። አድራሻ አዳዩን ማሽን በእጄ ዳሰስኩት፣ ገመዱ ከሶኬቱ ተነቅሏል።

ጀማል ሲመለስ መስመሮቹን ደጋግሞ አነበባቸው።

"ማሽኑ ጠፍቶ ማን መለሰለት?" አለ።

"አንተ አልጠራኸኝም?"

"ወላሂ፣ መስጊድ ነበርኩ።"

አጠገቡ የሰገዱትን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ጠየቅኩ፣ ሶላቱ እስኪያልቅ ከጎናቸው አልተነሳም።

ኃላፊነቱ ለጀማል ተሰጠ፣ የእኔ ምስልም ተሰረዘ። ዛሬ ጠዋት ጀማል ከአዲሱ ምስል ላወጣው ሰርቨር ያን ሐሙስ የተሰጠውን አድራሻ ሊሰጠው ሞከረ። ተይዟል የሚል መልስ መጣለት።