ለአንድ አውራ ጣት

ቺዙሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ቀና ብላ አላየችውም። የሱቁ ባለቤት፣ ስልክ ጠጋኙ ሞሪዮም አላያትም። ሁለቱም ያዩት ታጣፊውን ስልክ ነበር።

«አንድሮይድ ነው፤ ግን አሮጌ ነው» አለች። «የድሮ ጌም ይቀበላል?»

«አስመሳይ ፕሮግራም ከተጫነበት እንደ ድሮው ማጫወቻ ይሠራል። ግን ስክሪኑ በጣት አይነካም። በቁልፍ ብቻ ነው።»

«ለዚህ ነው ያመጣሁት። የአባቴ እጅ... የሚታዘዝላቸው ቀኝ አውራ ጣታቸው ብቻ ነው።»

ያኔ ቀና ብሎ አያት።

አባቷ ኢዋኦ፣ ስትሮክ እስኪጥላቸው ድረስ በጃፓኑ የሃኮዳቴ ወደብ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ባሕሩ በከፋ ቀን ከሟች ባለቤታቸው ጋር እየተፎካከሩ የሚጫወቱት ጌም ነበር፤ አንዲት ቀበሮ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ወንዝ ትሻገራለች። ከታመሙ ወዲህ የጠየቁት እሱን ብቻ ነው።

እሑድ ሞሪዮ ጌሙን ስልኩ ላይ ጭኖ ቤታቸው መጣ። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ የአዛውንቱን አውራ ጣት በቀስታ ያዘ፤ እስከየት እንደሚደርስ አየና መዝለያውን አምስት ቁጥር ላይ፣ መሮጫውን ስድስት ላይ አደረገው። ቺዙሩ ያንን አያያዝ ከኩሽናው በር ሆና ተመለከተች። ልቧ ወደ እሱ የሄደው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አባቷ «ስድስት ቁጥሩ ራቀኝ» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ድምፁ አነሰ።» ሞሪዮ እየመጣ ያስተካክላል፣ ምሳ ይበላል፣ ከቺዙሩ ጋር ዕቃ አጥቦ ይሄዳል። አንድ ቀን ቀበሮዋ ወንዙን ተሻገረች። አባቷ አለቀሱ።

በማግስቱ ቺዙሩ ስልኩን ስትወለውል የፕሮግራሙ ማስተካከያ ተከፈተባት። የጌሙ ፍጥነት ወደ ግማሽ ወርዷል።

ሱቁ ሄደች።

«አንተ ነህ ያዘገየኸው?»

«... እኔ ነኝ። ሲወድቁ፣ ሲያፍሩ... ማየት አቃተኝ።»

«ዕድሜ ልካቸውን ከማዕበል ጋር የታገሉ ሰው ናቸው። ማን እዘንልኝ አለህ? እሑድ እሑድ የምትመጣውስ ለእኔም አዝነህ ነው?»

ሞሪዮ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ወደተበተኑት ብሎኖች መለሰ። ይህን እንደ አዎንታ ቆጥራ ወጣች።

ሁለት እሑድ አለፈ።

«ያ ልጅ... የት ቀረ?» አሉ አባቷ፣ ቃላቱ አፋቸው ውስጥ እየተንገዳገዱ።

ነገረቻቸው።

«እኔ አላወቅኩም ብለሽ ነው? የጌሙ ዜማ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሲጎተት... ከመጀመሪያው ቀን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ አባባ?»

«መች ዝም አልኩ። ራቀኝ፣ አነሰ እያልኩ ሥራ ፈጠርኩለት። እሱ የመጣ ቀን... ኩሽና ውስጥ ታንጎራጉሪያለሽ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስታዜሚ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር።»

ቺዙሩ ዕለቱን ሄዳ ሞሪዮን ጠራችው። መጥቶ ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለሰው። ቀበሮዋ ውኃ ውስጥ ወደቀች። ደግማ ወደቀች። አባቷ በግማሽ አፋቸው ሳቁ።

«እናትሽ እንዲህ ነበር... የምታሸንፈኝ» አሉ።

በሩ ላይ ሞሪዮ ጫማውን እያጠለቀ አንገቱን ደፋ።

«ያን ቀን ለጠየቅሽኝ... አይደለም። አዝኜ አይደለም። አንቺን ለማየት ነው የምመጣው።»

«እሑድ ና» አለችው።

«ምን ተበላሽቶ?»

«ምንም።»

ሞሪዮ ያጠለቀውን አንድ ጫማ መልሶ አወለቀና እጇን ያዘ።