ተገናኝቷል

«ጩጬ! ነይ እይ፣ ወንድምሽ መጥቷል!»

እናቷ ስልኳን ወደ እሷ ዘረጋች። የቤታቸውን ዋይፋይ የሚጠቀሙ ስልኮች በሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ የታላቅ ወንድሟ ስልክ ስም ይታያል፤ ከጎኑ «ተገናኝቷል» ይላል። ወንድሟ ከአባቷ ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ወራት አልፈዋል። ቢደወልለትም አያነሳም።

«የተመዘገበ ስልክ ካልሆነ አይገባም ብሎ ራሱ ነግሮኛል። ዋይፋዩ ደግሞ ሩቅ አይደርስም፤ እዚሁ አጥሩ ጥግ ነው ያለው። አፍሮ ነው እንጂ የኔ ልጅ!» ብላ ጃኬቱን ልታመጣለት ወደ ጓዳ ሮጠች። እሱ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ጩጬ አይታት አታውቅም።

ጩጬ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች። አጥሩን ዞራ ስትደርስ ግን ላፕቶፕ ታቅፎ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ቀጮ ነው፣ የወንድሟ ጓደኛ።

«እሱስ?»

«ማን?»

«ስልኩ ገብቷል እኮ!»

የቀጮ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ። ፓስወርዱን ድሮ ሰጥቶኛል። ራውተሩ፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ፣ ሰው የሚለየው ስልኩ ውስጥ ባለው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በአየር ላይ ገሃድ ነው የሚሄደው፣ የፈለገ ይቀዳዋል፤ እኔም እሱ እያለ ቀድቼው ነበር። ላፕቶፔን በሱ ቁጥር አስገባሁት። የቤት ሥራ ላወርድ ነው በናትሽ።»

«ታዲያ ዝም ብሎ አመነህ?»

«ቁጥሩን የነገረውን ሁሉ ያምናል። ምን ያድርግ?»

እንደ እማዬ፣ ብላ አሰበች። እንባዋ መጣ።

«የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«እኔንም ሳይሰናበተኝ ነው የሄደው።» ቀጮ አቀረቀረ። «ስሚ፣ ከፈለግሽ በየምሽቱ እየመጣሁ እገባለሁ። እትዬም ቅርብ ነው ብለው ይጽናኑ።»

«እሺ» ልትል ምንም አልቀራት። የእናቷ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ግን እናቷ በየምሽቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ታየቻት።

«ዝጋው» አለችው።

ስትመለስ እናቷ ጃኬቱን በክንዷ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አልገባም አለ? አባትህ አይቆጣህም አላልሽውም?» ስልኳን አየት አደረገች። «ውይ፣ ጠፋ! ሄደ እንዴ?»

«አዎ፣ ሄደ» የሚለው ውሸት ጩጬ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ እሱ አልነበረም።»