አሥራ አንድ ግራም

«አሥራ አንድ?»

ክፍሉ ሁሉ «ፕሮፍ» የሚላት ልጅ ዓይኗን አሽታ ሚዛኑን እንደገና አየች። ከትናንት በስቲያ ቆሻሻ የገባበትን ሰማያዊ ጨው ስትመዝን አሥር ግራም ብቻ ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ አሟሟችው፣ አጠለለችው፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ጨው እንደገና ክሪስታል ሆኖ ሲወጣ ቆሻሻው ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ከጨውም ጥቂቱ አብሮ ይቀራል። «በዚህ ሥራ መጉደል ያለ ነው» ብሏል ቲቸር። መጨመርስ ከየት መጣ?

«በረከት ነዋ!» አለች አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ቀጮ። «ጻፊውና እንውጣ፣ እርቦኛል።»

እርጥብ ይሆን? ነካ አደረገችው፤ ደረቅ ነው። ሚዛኑን ዜሮ አድርጋ ደገመች፤ ያው አሥራ አንድ። ግራ ገባት። ጎንበስ ብላ ስታይ ግማሹ ባቄላ የሚያክል፣ ግማሹ እንደ ስኳር የደቀቀ ነው። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ውሃ ትልልቅ ክሪስታል ነው የሚያወጣው። ታዲያ ይህ ደቃቅ የማን ነው? ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ወዳለው የቲቸር የሰማያዊ ጨው ጠርሙስ ሄደ። ክዳኑ ተንጋዷል።

«ቀጮ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ምን አደረግኩ ደሞ?» አለች ቀጮ፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «ትናንት ላደርቀው ሳወጣ ግማሹ ማጠቢያው ውስጥ ተደፋብኝ። አንቺ ደግሞ ‹ብታበላሺው ዓይንሽን ማየት አልፈልግም› ብለሽኛል። ይህቺን ውጤት ካጣሁ ክፍል መድገሜ ነው!»

«እሺ፣ ሳትመዝኚ ትሞዪዋለሽ እንዴ?»

«ቸኮልኩዋ!»

ፕሮፍ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ አፈረች። እውነትም ብላታለች። የቀለደች መስሏት ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለችም። በማን እንደምትናደድ ጠፋት።

መቆንጠጫውን አንስታ ትልልቆቹን አንድ በአንድ ለቀመችና መዘነቻቸው። አራት ግራም።

«በቃ፣ አለቀልን» አለች ቀጮ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ቢያንስ ‹ተደፋባት› ብለሽ ጻፊ። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

ፕሮፍ አራቱን ጻፈች። ከሥሩ «ተደፋ» ብላ ጀመረችና እስክሪብቶዋ ቆመ። የቲቸር ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል።

«ብን» ብላ ጨረሰችው፤ ደብተሩንም እንድትፈርም ወደ ቀጮ ገፋችላት።