አምስተኛው ላስቲክ

ሬሳው የተገኘው ጋራዡ በር ሥር ነው፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ማጅራቱ ተፈንክቶ፣ ልብሱ በሳሙና ውሃ ርሶ። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ለቅሶው ወደ ጠብ ተለውጦ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የሟች ታላቅ እህት ጣቷን የወንድሟ ልጅ ላይ ቀስራ ትጮኻለች። «አባቷን የበላች! ወለሉን አጥባ ሳታደርቅ ሄደች! አዳልጦት ሞተ፣ ተገላገልሽ? ዓይንሽን እንዳላይ! ከዚህ ቤት ትወጫለሽ!»

ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንባ እንኳ አልወጣትም።

«እውነቷን ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ከምሳ በኋላ በሩ ጋ ያለውን አጠብኩ። የቀለም ብሩሽ ግዢ ስላለኝ ሳልወለውለው ወጣሁ። ስመለስ... እኔ ነኝ የገደልኩት። እሰሩኝ።»

«መታሰርማ መች ጠፋ» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጀመሪያ ጋራዡን አሳዪኝ።»

ሟቹ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። ጋራዡን ሁሉ ነገር ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ የመኪና ማቆሚያ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የስፌት ክፍል፣ የስፖርት ቦታ። ወለሉን ደግሞ ባለሙያ ሳይቀጥር በገዛ እጁ ሊሠራው ምሎ ነበር። በምን ይሠራ በሚለው ቤተሰቡ ወር ሙሉ ተነታርኳል። ናሙናዎቹ ጠረጴዛው ላይ በተራ ተደርድረዋል፣ ሰውዬው መምህር አይደል፣ እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፎበታል። ጥቅል ፕላስቲክ ምንጣፍ፦ «የእህቴ ምርጫ»። ወፍራም ጎማ፦ «የጡንቻው ምርጫ»። ቆርቆሮ ቀለም፦ «የልጄ ምርጫ»። አራተኛው ወረቀት ከሥሩ ናሙና የለውም። «የውሃልክ ምርጫ፦ ባዶውን ተወው» ይላል።

ጡንቻው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው፤ ክብደት ማንሳት ሥራው አድርጎታል። «ከአጎቴ ጋር ተጣልተን ነበር፣ አልዋሽም» አለ። «ግን ከሰዓቱን ሙሉ ጂም ነበርኩ። አሥር ሰው ይመሰክራል።» እናቱም ሱቋ ውስጥ በደንበኛ ተከባ ነው የዋለችው።

«ወንድምዎን የሚጠላው ሰው ነበር?» ብላ ኢንስፔክተሯ ጠየቀቻት።

«ኧረ ማን ይጠላዋል! ውሃልክ እንኳ፣ ወንድሜ መኪና ወደ ኋላ ሲያወጣ ልጁን የገደለበት ሰውዬ፣ ይቅር ብሎታል። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም፣ እንዲያውም እየመጣ ይጠይቀዋል። እንደሱ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ውሃልክ ጎረቤት ነው፤ ሴራሚክ አንጣፊ። መለኪያው ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ በመለኪያው ስም ይጠራዋል። ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ከሰዓት የት ነበሩ?»

«መንገድ ማዶ፣ ሥራ ላይ። ብቻዬን ነበርኩ።»

«አንድ ነገር አልገባኝም። እርስዎ እንጀራዎ ወለል ነው። ለጎረቤትዎ ሲመክሩ ባዶውን ተወው ማለት ምን የሚሉት ነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ሊሾውን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ምን ጎደለው?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ወለሉ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ ክንድ ክንድ የሚያህሉ አምስት ስስ ነጭ ላስቲኮች ዙሪያቸውን በፕላስተር ተለጥፈዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአባዬ ፈተና ነው» አለች ልጅቷ። «ቀለም ከመቀባታችን በፊት ወለሉ ከሥር እርጥበት ያመጣ እንደሆን ለማየት። ላስቲኩ አንድ ቀን ተለጥፎ ያድራል። ከሥሩ ውሃ ካዘለ ቀለሙ አይይዝም፣ ይላጣል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ጠርቶ አሳየኝ። አምስቱም ደረቅ ነበሩ። እንደ ልጅ ነው የፈነጠዘው።»

ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። አራቱ ላስቲኮች እውነትም ደረቅ ናቸው። አምስተኛው፣ ከሩቁ ጥግ ያለው፣ ከሥሩ ጠብታ በጠብታ ሆኗል። የፕላስተሮቹን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። አራቱ ላይ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ጥፍሩን ስለሚያመው ነው» አለች ልጅቷ። «ለመላጥ እንዲመቸው ያጥፈዋል።»

አምስተኛው ላይ የታጠፈ ጫፍ የለም። ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ግድግዳው ሥር የተበጠበጠ ሲሚንቶና የግንበኛ ማንኪያ የያዘ ባልዲ አየች። የሟቹን ጣቶች አየች፤ ሲሚንቶ ደርቆባቸዋል። ከዚያ ወለሉን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ትኩስ ሲሚንቶ ያረፈበት አንድም ቦታ አጣች።

«ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች ለፖሊሱ።

አራቱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ።

«በሳሙናው አዳልጦት አልሞተም» ብላ ጀመረች። ልጅቷ ቀና አለች። «ምሳ ሰዓት ላይ አምስቱም ላስቲኮች ደረቅ ነበሩ። አሁን አንዱ ረጥቧል። ወለል በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በአንድ ጥግ ብቻ፣ ከመሬት ውሃ አያመጣም። አንድ ሰው ላስቲኩ የነበረበትን ቦታ አጥቦ፣ ዳርዳሩን አድርቆ፣ መልሶ ለጥፎበታል። ለጣፊው ሟቹ አይደለም፣ ጫፉን አላጠፈም። ምን አጠበ? ደም። መምህሩ የሞተው እዚያ ጥግ ነው። በሩ ጋ ተጎትቶ የተጋደመው ጥፋቱ በዚህች ልጅ እንዲላከክ ነው።»

«ኧረ በስመአብ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሁለተኛ፣ መምህሩ ከመሞቱ በፊት አንድ ጉድጓድ ሲሞላ ነበር። ሲሚንቶው እጁ ላይ አለ፣ ወለሉ ላይ የለም። ገዳዩ ከገደለ በኋላ ቁጭ ብሎ ያንን ሲሚንቶ ጠርጎ አውጥቷል። ደም ማጠቡስ ይሁን፣ ሲሚንቶ ምን አደረገው?»

ፕላስተሩን ላጠችና ላስቲኩን ገለጠች። ሊሾው ላይ የታተመች ትንሽ የልጅ እግር ታየች፤ አምስቱም ጣቶቿ ተለይተው ይታያሉ። በደንብ ታጥባለች። ተረከዟ አጠገብ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ቀይ ነገር ቀርቷል።

ፖሊሱ ፎቶ አነሳ። ኢንስፔክተሯ ማንኪያውን ለፖሊሱ ዘረጋችለት።

«ፎቶው ተነስቷል። በል ሙላው።»

ፖሊሱ ጎንበስ ሲል ውሃልክ በሁለት እርምጃ ደርሶ እጁን ያዘው።

«አትንካት!»

«ሦስተኛው ይሄ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «ወለል ሸጦ የሚኖር ሰው ባዶውን ተወው የሚለው፣ ወለሉ ላይ የሚሳሳለት ነገር ሲኖረው ነው።»

ውሃልክ አልካደም። ከታተመችው እግር አጠገብ ቁጭ አለ።

«ሳይደርቅ ረግጣው ነው። አራት ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ይሄው በር ላይ ገደለብኝ። ይቅር አለ አላችሁ፣ እኔም ዝም አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ደህና ዋልክ እያልኩት የኖርኩት ለሱ መስሏችኋል? ይቺን ጥግ አይቼ ለመሄድ ነው። እባክህ ይቺን ብቻ ተዋት አልኩት። እሺ አለኝ። ዛሬ ስገባ ተንበርክኮ ይለስናታል። ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጉድጓድ ካለው እኮ ቀለሙ አያምርም።" ተመልሶ ጎንበስ አለ፣ መዶሻ አጠገቤ ነበር። አይቆጨኝም።»

«እኔስ?» አለች ልጅቷ። «እኔ ገደልኩት እያልኩ ስቃጠል ቆመህ ሰማኸኝ። እኔ ምን አደረግኩህ?»

«ልጅ ነሽ» አለ ውሃልክ ቀና ብሎ ሳያያት። «የሱ ልጅ ነሽ። የኔም ልጅ ነበረች።»

ካቴና ገባለት። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ልጅቷን ልታቅፍ መጣች። ልጅቷ ፈቀቅ አለች።

«አክስቴ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣው ማን ነበር ያሉት?»

ከወራት በኋላ፣ ፍርዱ በተሰጠበት ቀን፣ ኢንስፔክተሯ ልጅቷን ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ አገኘቻት። ከስታለች፣ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ጋራዡን በምን ሠራችሁት? በቀለም?»

«አይ። ቀለሙን ለሰው ሰጠሁት። እሱ እንደመከረን ባዶውን ተውኩት።»

ኢንስፔክተሯ ደስ አላት፤ ቂሟን የተወች መስሏት እጇን ልትይዛት ዘረጋች።

«ያቺን አንዷን ጉድጓድ ብቻ ሞላኋት» አለች ልጅቷ። «ጥሎት በሄደው በራሱ መለኪያ ለካሁት፣ ልክ ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ችሎት ሲያስገቡት በጆሮው ነገርኩት።»